ከጭብጨባ ወደ እስክስታ፤ አዲስ ሰው ወደ ጨዋታው ክብ የገባባቸው በሮች

በስማዳ በወገዳ ዙሪያ፣ እንዲሁም በጋይንትና በእስቴ፣ የሰርግ ዳስ ሲጣል ለዘፋኝ ተብሎ ከፍ ያለ መድረክ አይሠራም። ጨዋታው የሚደምቀው ሰው ክብ ሠርቶ በቆመበት መሬት ላይ ነው። አውራጁ ግጥሙን ያወጣል፤ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ከበሮው ይመታል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ በክቡም መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው እስክስታ ይወርዳሉ። እነርሱ ሲደክሙ ወደ ክቡ ይመለሳሉ፤ ሌሎች ይተካሉ።

በዚህ ዳስ ከሌላ ቀበሌ የመጣ እንግዳ ቢኖር «ና ልምጣና ላስተምርህ» የሚለው የለም፤ «ዞር በል» የሚለውም የለም። እንግዳው በመጀመሪያ ከዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ሲስማማለት አዝማቹን ከሌላው ጋር ይቀበላል። ጥቂት እንደ ቆየም ከጎኑ ያለው ሰው ገፋ ያደርገውና ራሱን ከመካከል ያገኘዋል። ትከሻው ባይታዘዝለት የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ሳቁ ጭብጨባውን አያቋርጠውም። ይኸውም የጨዋታው ሥርዓት ሦስት ደረጃ ያለው ደጅ ነው ማለት ነው፤ ማጨብጨብ፣ መቀበል፣ መጫወት። ሕፃናትም ከእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ሲያዩና ሲሰሙ አድገው በዚሁ ደጅ ይገባሉ።

በነባሩ አነጋገር «ዘፈን» የሚለው ቃል ዜማውንም ውዝዋዜውንም ባንድነት ሲያመለክት መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የሚዘፍነውና የሚወዛወዘው፣ የሚመለከተውና የሚያጨበጭበው ሰው አንድ ሆኖ ስለ ኖረ ስሙም አንድ ሆኖ ቈየ። ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ተመልካች ተብሎ በሦስት የተከፈለው ጨዋታው ከዳስ ወጥቶ ወደ አዳራሽ ከገባ በኋላ ነው።

ባለፉት ዘጠና ዓመታት በኢትዮጵያ ሕዝብን ወደ ባሕል ጨዋታ ለመሳብ ብዙ ሙከራ ተደርጓል። እያንዳንዱ ሙከራ ሊመዘን የሚገባው በምን ያህል ሰው ተሰበሰበ ብቻ ሳይሆን፣ ከሦስቱ ደረጃዎች የትኛውን ለአዲሱ ሰው ክፍት አድርጎ እንደ ተወ ነው።

ጨዋታ እንደ ጥሪ

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው በጭንቅ ጊዜ ነው። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትሰናዳበት ወራት፣ በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ዋናው አደራጅ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። የማኅበሩ ዓላማ ሕዝቡ የመጣበትን አደጋ ዐውቆ ነጻነቱን ለመጠበቅ በአንድ ልብ እንዲነሣ ማድረግ ነበር። ይሁን እንጂ ንግግር ብቻውን ብዙ ሰው አይሰበስብም። ስለዚህ መሲንቆና ክራር፣ ዘፈንና ጭፈራ ከንግግሩ ጋር ተጣመሩ፤ አዝማሪው ሰውን ሰበሰበ፤ ተናጋሪውም ለተሰበሰበው ሰው መልእክቱን አደረሰ።

ጥሪው ሠመረ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረራውን ሲጀምር ማኅበሩ ለጊዜው ቢበተንም፣ ከነጻነት በኋላ እንደ ገና ተቋቁሞ ለኢትዮጵያ ቴአትርና ዘመናዊ ሙዚቃ መፍለቂያ ሆነ። ዳሩ ግን በዚህ ጥሪ ጨዋታው ራሱ ግብ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ጉዳይ የሚያደርስ መንገድ ነበር። የመጣው ሰው ማጨብጨብና ምናልባትም አዝማቹን መቀበል ተፈቀደለት፤ ወደ መካከል ግን አልተጠራም። በዚያ ሰዓት ይህ የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ አገር ሊወረር በተቃረበበት ቀን እስክስታ ለማስተማር ጊዜ የሚሰጥ የለምና።

መድረኩ ከፍ ሲል

ሁለተኛው ጥሪ የአዳራሽ ጥሪ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከል ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። መሥራቹ ትውልዳቸው ግብፃዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነበሩ። ከ1966 ጀምሮም አቶ ተስፋዬ ለማ መሪነቱን ይዘው እስከ 1975 ድረስ አገልግለዋል።

የኦርኬስትራው ሥራ ታላቅ ነበር። በየአገሩ ለብቻቸው የሚሰሙት መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ ተሰለፉ። አዝማሪነት በሚናቅበት ዘመን፣ የመሲንቆ ተጫዋች በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ በክብር ተቀምጦ ተደመጠ። ጭፈራውም በልብስና በአሰላለፍ ተስተካክሎ ለአገር ሰውና ለውጭ እንግዳ ቀረበ። በ1969 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተጉዞ የኢትዮጵያን ዜማ አሰማ።

የዚህ ክብር ዋጋ ግን አልታሰበም ነበር። መድረኩ ከፍ ባለ መጠን ደጁ ጠበበ። ተመልካቹ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል፤ የሚያጨበጭበው ሲያልቅ ነው። በዳሱ ውስጥ ጭብጨባ የጨዋታው መጀመሪያ ነበረ፤ በአዳራሹ ግን የጨዋታው መጨረሻ ሆነ። ይህች ትንሽ የምትመስል ለውጥ አዲስ ሰው የሚገባበትን የመጀመሪያ ደረጃ ከሥሩ ነቀለችው።

ሆኖም በዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ደጅ እንደ ነበረ አንድ ታሪክ ያሳያል። ቻርልስ ሳተን የተባለው አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ሠራተኛ ከኦርኬስትራው መሲንቆ ተጫዋች ከጌታመሳይ አበበ ዘንድ ቀርቦ መሲንቆ መምታትና በአማርኛ መዝፈን ተማረ፤ ከቡድኑም ጋር ተጫወተ። አገሩ ሩቅ፣ ቋንቋው ሌላ የሆነውን ሰው ተጫዋች ያደረገው የትርኢቱ ድምቀት ሳይሆን ከመምህር አጠገብ መቀመጥ ነው። የትርኢቱን አዳራሽ ከሞሉት ተመልካቾች መካከል ይህን ዕድል ያገኙ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

የትእዛዝ ጥሪ

ሦስተኛው ጥሪ ከአብዮቱ ጋር መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀምሮ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በዚያው ዓመት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጆች ታወጁ፤ የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ቀበሌዎችም ተቋቋሙ። ጥቂት ሳይቆይ በየቀበሌው፣ በየወጣት ማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ተደራጀ። በክፍለ ሀገር ደረጃም የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይና የወሎው ላሊበላ ስማቸው ገነነ።

የኪነት ዘመን በሁለት ወገን ሊታይ ይገባዋል። በአንድ ወገን፣ ከዚያ በፊት መድረክን በሕልሟም ያላየች የባላገር ልጅ በሕዝብ ፊት እንድትቆም በር ተከፈተ። ከወሎ ላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሠ፣ ከግሽ ዓባይ ኪነት ሰማኸኝ በለው ወጥተው በመላ አገሪቱ ታወቁ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ጉዞ ሲደረግ፣ የአገሪቱ ውዝዋዜ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የታየው ይህ ዘመን ባፈራቸው ባለሙያዎች ጭምር ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ጥሪው ትእዛዝ ነበረ። በብዙ ቀበሌ ወጣቱ በልምምድ ሰዓት እንዲገኝ ይገደድ ነበር፤ ግጥሙ ከላይ ይወርዳል፤ ጭፈራው የሰልፍና የስብሰባ ማድመቂያ ይሆናል። ወላጆች ልጃገረዶቻቸው በምሽት ከልምምድ ሲመለሱ ይጨነቁ ነበር።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ግዴታ ክቡን በአንድ ቀን ይሞላዋል፤ ግዴታው በተነሣ ማግሥት ደግሞ ክቡ ባዶውን ይቀራል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ አብዛኛዎቹ የቀበሌ ኪነቶች አብረው ጠፉ። የባሕሉ ባለቤት የሆነው ሰው በዳሱ ውስጥ መጫወቱን አልተወም፤ በከተማ ውስጥ ግን «ኪነት» የሚለው ስም ራሱ የስብሰባን ትዝታ ስለሚቀሰቅስ፣ ጨዋታን ከፍላጎት ጋር እንደ ገና ለማገናኘት ረጅም ጊዜ አስፈለገ።

ከኢትዮጵያ ያለፈ፣ በቡዳፔስት የቆመ

በዚህ ስፍራ የአንድ እንግዳን መንገድ መከተል ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሁለት የሐንጋሪ ተመራማሪዎች፣ የውዝዋዜ ሊቁ ጆርጅ ማርቲንና የሙዚቃ ሊቁ ባሊንት ሻሮሺ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጭፈራና ዜማ መዘገቡ። ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የውዝዋዜ ዓይነቶች ጽሑፍ አሳተሙ።

እኚሁ ሰው በአገራቸው ከኛ ጋር የሚመሳሰል ችግር ነበረባቸው። በሐንጋሪ የባላገሩ ጭፈራ በመንግሥት በሚደገፉ የመድረክ ቡድኖች ተይዞ፣ በጥሩ ልብስና በተለካ እርምጃ ይታይ ነበር፤ የከተማው ወጣት ግን አይጨፍረውም ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በቡዳፔስት የጥቂት ቡድኖች አባሎች ተሰብስበው ያለ መድረክና ያለ ተመልካች፣ በባላገሩ ልማድ ለራሳቸው ደስታ ጨፈሩ። ስሙንም «የጭፈራ ቤት» አሉት። በመጀመሪያ የተፈቀደው ለቡድኖቹ አባሎች ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን በሻንዶር ቲማር የሚመራው ቡድን ደጁን ለማንም ከፈተው፤ ምሽቱም ምንም ለማያውቅ ሰው እርምጃውን ከማስተማር እንዲጀምር ተደረገ። የማርቲን ምርምር ለዚህ እንቅስቃሴ መሠረት ሆነው። የጭፈራ ቤቱ ዘዴ በሐንጋሪ ከተሞች ተስፋፍቶ፣ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባሕል ጥበቃ መልካም አሠራሮች መዝገብ ውስጥ ገባ።

የዘዴው ምሥጢር ሦስት ነገር ነው። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ሙዚቃው በእጅ የሚመታ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ማስተማር አለ። ይህን የሚሰማ የወገዳ ሰው አዲስ ነገር የሰማ ላይመስለው ይችላል። የቡዳፔስት ወጣቶች በብዙ ድካም መልሰው ያገኙት ከዳር ወደ መካከል የሚወስደው ደረጃ በዳሱ ውስጥ ሳይጠፋ የኖረው ነውና።

በአዲስ አበባ የተከፈቱ ደጆች

በአገራችንም ከትእዛዝ ዘመን በኋላ ሌሎች ሙከራዎች ታይተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን አሠልጥነው ትርኢት አቀረቡ። ከእነዚያም መካከል 18 ወጣቶች ተመርጠው ለዓመታት ከሠለጠኑ በኋላ አዱኛ የማኅበረሰብ ውዝዋዜ ቴአትር ተመሠረተ። አዱኛ ከተለመደው የተለየበት ነገር ተማሪዎቹ ራሳቸው ለሌሎች ወጣቶች፣ አካል ጉዳት ላለባቸውም ጭምር፣ አስተማሪ መሆናቸው ነው። የተማረው እንቅስቃሴ በአብዛኛው የውጭ ቢሆንም፣ ዘዴው ግን የዳሱ ነበር፤ ትናንት ከዳር የነበረው ዛሬ ከጎኑ ያለውን ወደ መካከል ይገፋዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ነው። መላኩ በላይ በልጅነቱ ጎዳና ላይ ኖሮ፣ በዚያው ቤት እየተወዛወዘ ከታዳሚ በሚያገኘው ሽልማት ይተዳደር ነበር። በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ገደማ፣ ቤቱን ራሱ ተረከበው፤ የባሕል ማዕከልም አደረገው። በአዝማሪ ቤት ወንበሩና መጫወቻው በክንድ ርቀት ነው፤ ተወዛዋዡ ትከሻውን እያርገፈገፈ ወደ ታዳሚው ይቀርባል፤ ታዳሚውም ተቀምጦ ሳለ ትከሻው ሳያስበው ይመልሳል። ከተማ ውስጥ ከዳሱ ክብ ጋር የሚቀራረብ ስፍራ ቢፈለግ ይህ ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ፈንዲቃ የቆየበትን ቤት መልቀቁ ግን፣ እንዲህ ያለ ክብ ምን ያህል በአንድ ቤትና በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚንጠለጠል ያስረዳል።

በቅርብ ያለ ምሳሌ

ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ ለትውልድ የሚተርፍ ነገር እንዴት እንደሚተከል የሚያስረዳ ታሪክ ለስማዳና ለጋይንት ሰው በደጁ አለለት። ይህ ታሪክ የዘፈን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱንም አገሩ ለይቶ ስለሚያከብራቸው ማቀላቀል አይገባም። ስለ ማስተማር የሚሰጠው ትምህርት ግን ለሁለቱም ያገለግላል።

በ19ኛው ምዕት ዓመት በሊቅነታቸውና በቀልዳቸው የታወቁት የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና፣ ካህናት በመቋሚያ የሚያደርጉትን ዝማሜ አዲስ ስልት አበጁለት። እንደሚነገረው፣ የጎንደር ሊቃውንት ነባሩን ሥርዓት የሚለውጥ መስሏቸው ስልቱን በቀላሉ አልተቀበሉትም። አለቃም ለማሳመን ሲከራከሩ አልኖሩም፤ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግቶ አስተማረ። በመጨረሻም ስልቱ በደብረ ታቦር ጸና፤ በፈልሳፊው ስም ሳይሆን በአስተማሪው ስም «ተክሌ» ተባለ፤ ከጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ጎን ቆሞ እስከ ዛሬ በመላ አገሪቱ ይዘመማል።

ለዚህ ስልት መሬቱ የተመቸ ነበር። በጋይንት የቤተልሔም የድጓ ጉባኤና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ ለብዙ ዘመን ከሩቅ አገር ተማሪ ሲቀበሉ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪ በመጣበት ቀን ከሊቃውንቱ ጋር አይቆምም፤ ይሰማል፣ ይቀጽላል፣ ከጓደኛው ጋር ይለማመዳል፣ ከዚያ በኋላ ይቆማል። ሥርዓቱ ከዳሱ የተለየ ቢሆንም፣ እንግዳ የሚገባበትን ደረጃ አስቀድሞ ማዘጋጀቱ ግን አንድ ነው።

የሚቀረው ሥራ

ይህ ሁሉ ለባሕል ባለሙያዎችና ለማኅበሩ አባሎች የሚያቀርበው ጥያቄ ዛሬ ከምንጊዜውም የከበደ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጋይንት ነፋስ መውጫ ዘልቆ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የትጥቅ ግጭት ሲነሣ፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰርግ የሚጠብበት፣ ሰው ከመሸ የማይወጣበት ጊዜ መጣ። ክብ የሚሠራው ሰው ሲሰበሰብ ነው። ሁለትና ሦስት የሰርግ ወራት ያለ ጨዋታ ባለፉ ቁጥር፣ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ጭብጨባ ሳይሰማ የሚያድግ ሕፃን ይበዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ «አዲስ ሰው» የሚባለው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ልጅ ራሱ ለገዛ ጨዋታው እንግዳ ይሆናል።

ስለዚህ ሰላም በወረደበት ስፍራ ሁሉ የባሕል ጨዋታ ምሽት ለመክፈት የሚነሣ ባለሙያ፣ ያለፉት ጥሪዎች ያስተማሩትን ከፊቱ ማኖር ይገባዋል። ጨዋታውን የሌላ መልእክት ማጀቢያ ያደረገ እንደ ሆነ ሰው ይመጣል፤ ነገር ግን ለመልእክቱ መጥቶ ከመልእክቱ ጋር ይሄዳል። መድረክ ከፍ ያደረገ እንደ ሆነ ይደነቃል፤ ነገር ግን አድናቂ እንጂ ተጫዋች አያፈራም። ያስገደደ እንደ ሆነ ክቡን በሰው ይሞላዋል፤ በሌላ ቀን ግን ያጣዋል።

የተሻለው መንገድ ቀላልና በአገሩ የታወቀ ነው። ቀኑ ጾምን ያከበረ፣ የእርሻ ሥራን ያልተሻማ፣ ከጥምቀት ማግሥት ወይም ከፋሲካ በኋላ እንዳሉት ወራት ሰው ልቡ ለጨዋታ በሚከፈትበት ጊዜ የዋለ ይሁን፤ አንዴ ከታወቀ በኋላም አይለዋወጥ። የመጀመሪያው ሰዓት በዝግታ ለሚመታ ከበሮና ለአጭር አዝማች ይሰጥ፤ ሁሉም እያጨበጨበ ይቀበል። ክቡ ወደ አንድ ወገን ክፍት ይሁን፤ ዘግይቶ የመጣ የሰው ጀርባ አይጋርደው። ጎበዞቹ አስቀድመው መካከሉን ይዘው አይቆዩ፤ አንድ ዙር ከወረዱ በኋላ እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ሰው ይዘው ይመለሱ። አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በክብር ስፍራ ተቀምጠው ግጥሙን ያውጡ፤ ግጥም የሚያውቅ ሰው ሲታይ ልጆች ግጥም ማወቅን ይመኛሉና። ድምፅ ማጉያው በተቻለ መጠን ይዘጋ፤ የራሱን ጭብጨባ መስማት ያልቻለ ሰው ከማን ጋር እንደሚጫወት አያውቅም።

የባለሙያው ክብርም በዚህ አይቀነስም። አለቃ ገብረ ሐና ስልታቸው በልጃቸው ስም ሲጠራ አላነሱም፤ ስልቱ ጸናላቸው እንጂ። በወገዳም ሆነ በሌላ ከተማ የሚከፈት የጨዋታ ምሽት መመዘኛው በመጀመሪያው ቀን ስንት ሰው መጣ የሚለው አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን ከዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ የነበረው ሰው በዓመቱ ሌላውን እጁን ይዞ ወደ መካከል አስገብቶ እንደ ሆነ፣ ያ ምሽት ሥር ሰድዷል ማለት ነው።